እሺ ያለችው እንግዳ

ሰፈሬን ሲያሙብኝ አልወድም። ጉለሌ ተወልጄ ያደግኩ፣ አሁንም አዲሱ ገበያ አካባቢ ከወላጆቼ ጋር የምኖር ሴት ነኝ። ስለ ብርዱም ሆነ ስለ ታክሲ ሰልፉ እኔ ራሴ ባማርር ችግር የለውም፤ ሌላ ሰው አፉን ከከፈተ ግን ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ለትምህርት ከማላዊ የመጣችው ልጅ ሳምንት እንኳ ሳይሞላት «እዚህ ከተማ መኖር የምችል አይመስለኝም» ስትለኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን ሳይሆን ንዴት ነበር።

እኛ ቤት ያረፈችው በቤተ ክርስቲያናችን በኩል ነው። ዩኒቨርሲቲው ማደሪያ እስኪሰጣት የሚያስጠጋት ቤተሰብ ሲፈለግ እናቴ ከማንም ቀድማ እጇን አወጣች። ልጅቷ ከቤተሰቧ ለትምህርት ከአገር ስትወጣ የመጀመሪያዋ ናት። አባቷ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሻንጣዋን ይዞ ሲሸኛት፣ ላገኘው መንገደኛ ሁሉ «ልጄ ልትማር ነው» ይል እንደነበር ነግራኛለች። ይህችው ልጅ ናት እንግዲህ ለዚሁ አባቷ ደውላ የመመለሻ ትኬት እንዲፈልግላት የለመነችው። እሱም እስከ እሁድ አስቢበት ብሏት ነበር።

እናቴ እንግዳ መያዝ ታውቅበታለች። የተሻለውን ክፍል ለቀቀችላት፣ አዲስ አንሶላ አነጠፈችላት። ምግብ ሲደርስ ደግሞ ለብቻዋ በሳህን አድርጋ፣ ከነሹካው ከነማንኪያው ክፍሏ ድረስ ትወስድላታለች፤ አንድ ቀን ፓስታ፣ አንድ ቀን ሩዝ። ከዚያ «በነፃነት ትብላ፣ የእኛ ጫጫታ እንዳይረብሻት» እያለች በሩን ቀስ አድርጋ ትዘጋላታለች። እኛ ሳሎን አንድ ትሪ ከበን ሽሯችንን እንበላለን። ሳህኑ ግማሹ ሳይነካ ሲመለስ እናቴ ትጨነቅና በማግስቱ ሌላ ዓይነት ትሠራለች። ልጅቷ ግን ከቀን ወደ ቀን ዝምታዋ እየባሰ ሄደ።

ቅዳሜ ዕለት፣ ብርዱ ስላስቸገራት ጋቢ እንድትመርጥ ብዬ ሽሮ ሜዳ ይዣት ሄድኩ። አንዱ ሱቅ ገብቼ ዋጋ መከራከር ጀመርኩ፤ እኔ ደግሞ ክርክር ከያዝኩ ዓለሙን እረሳለሁ። ዞር ስል ልጅቷ የለችም። ደጅ ወጥቼ ወደ ላይም ወደ ታችም አየሁ፣ የለችም። አማርኛ አትችል፣ ሰፈሩን አታውቅ! ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ሳስብ ላብ አጠመቀኝ። ኋላ ባለሱቁ ከጀርባ ወዳለው የሸማኔዎች ቤት ጠቆመኝ።

ምሳ ሰዓት ነው። ሸማኔዎቹ ሥራቸውን አቁመው አንድ ትሪ ከበዋል። የእኛዋ ልጅ መሃላቸው በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ በእጇ ትበላለች።

ምን እንደተፈጠረ ወዲያው ገባኝ። በሩ ላይ ቆማ ሲሸመን የነበረውን ጨርቅ ስታይ፣ አንዱ ቀና ብሎ እጁን ወደ ትሪው እየዘረጋ «እንብላ» ብሏታል። እኛ ዘንድ ምግብ ላይ ያለ ሰው ላለፈ ላገደመው ሁሉ እንዲህ ይላል። የተጠራውም «ብሉ፣ አሁን በልቼ ነው» ብሎ ያልፋል። ጾሙን የዋለ እንኳ በልቻለሁ ነው የሚለው። እሷ ይህን ማን ነግሯት! የተዘረጋ እጅ አየች፣ እጇን ታጠበች፣ ተቀመጠች።

እፍረቱ ለእኔ ተረፈ። «ይቅርታ አባቴ፣ እንግዳ ናት፣ ባህሉን አታውቅም» አልኩና እንድትነሳ በዓይኔ ጠቀስኳት።

በዕድሜ የገፉት ሸማኔ ሳቁ። «ምን አጠፋች ልጄ? ተያት ትብላ። ዕድሜ ልካችንን እንብላ ስንል ኖረናል። እንዲህ ደስ ብሎት እሺ ያለን ሰው ግን... በቃ፣ እሷን አየን። አንቺም ቁጭ በይ።»

«አይ፣ እኔ እንኳ አሁን በልቼ...» አልኩ ሳይታወቀኝ። ሁሉም ሳቁብኝ። እሷም ነገሩ ሳይገባት አብራቸው ሳቀች።

ተቀመጥኩ። ትሪው ላይ የነበረው ለእነሱም የሚበቃ አልነበረም። አንዳቸውም ፊታቸውን አላጠቆሩም፤ እንዲያውም አንዱ ተነስቶ ከጎረቤት እንጀራ ይዞ መጣ። በሰፈሬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ለወግ ያህል የምንለው ይመስለኝ የነበረው ቃል፣ የሚቀበለው ሰው ሲያገኝ እውነት ሆኖ አየሁት።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ በእንግሊዝኛ እንዲህ አለችኝ፦ «ከመጣሁ ጀምሮ አብረሽን ብዪ ያሉኝ እነሱ ብቻ ናቸው። እናንተ ቤት ለብቻዬ ነው የምበላው። በእኛ ቤት ለብቻው የሚበላ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልተነዋል። እናትሽን ምን እንዳስቀየምኳት አላውቅም።»

ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «ኧረ ጉዴ! አከበርኳት ብዬ?» አለችና እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

ያን ማታ እናቴ ልጅቷ ክፍል ድረስ ሄዳ፣ እጇን ይዛ ሳሎን አመጣቻትና በራሷና በአባቴ መካከል አስቀመጠቻት። እየበላን ሳለ የልጅቷ ስልክ ጮኸ። አባቷ ነበር። እጇ ወጥ ስለነካ እኔ ስልኩን አንስቼ ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩላት። በራሳቸው ቋንቋ ጥቂት አወሩ። ቀጥሎ፣ እኛም እንድንሰማ መሰለኝ፣ በእንግሊዝኛ «አባዬ፣ ትኬቱን ተወው» አለችው።

ለእናቴ ተረጎምኩላት። እናቴ ወጥ ጨመረችልን።

ሰው ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን ሲያወራ ደረቴን መንፋት እወዳለሁ። ያን ማታ ግን የኮራሁት በልጅቷ ነበር። ቋንቋችንን ሳትሰማ፣ ማን እንደሆንን ሳታውቅ፣ የተዘረጋውን እጅ አምና ተቀመጠች፤ እኛ ራሳችን እንኳ ያን ያህል አናምነውም ነበር።