የተሻገር ባለጨሌ ቅድመ አያት

ወንድሜ ተሻገር ክብር ይወዳል። ለቅሶ ቤት ከላይ ካልተቀመጠ የሟቹ ሐዘን አይገባውም። አርብ ገበያ ሲወርድ እንኳ አህያውን ሌላ ሰው እንዲነዳለት ይፈልጋል። ታላቅ እህቱ ይታይሽ ነኝና አልደብቅለትም።

በዚህ በጋ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ቆፋሪዎች በእሱና በጎረቤቱ በይበልጣል ማሳ ድንበር ላይ ጥንታዊ መቃብር አገኙ። አጥንቱ ጉልበቱን አጥፎ ተኝቷል፤ አንገቱ ላይ የድንጋይ ጨሌ፣ አጠገቡ የተሳለ ጥቁር ድንጋይ። ተሻገር ገና ሲያየው «ቅድመ አያቴ ቀኛዝማች ናቸው!» ብሎ ጮኸ። ይበልጣልስ ዝም ይላል? «የእኔም ቅድመ አያት ናቸው!» አለ። የቆፋሪዎቹ አለቃ ራሄል «ኧረ ገና አልተመረመረም» ብትል ማን ሰምቷት።

ጉዱ የመጣው ከዚያ ነው። የተሻገር ልጅ ፀደይና የይበልጣል ልጅ ቻላቸው ጾም ሳይገባ እሑድ ሊጋቡ ነው፤ ጠላውን የጠነሰስኩት እኔው ነኝ። የነፍስ አባታችን አባ መሐሪ ወሬውን ሰምተው መጡና በጣታቸው ቤት ቆጠሩ። «ቅድመ አያታችሁ አንድ ከሆኑ ልጆቻችሁ ሰባት ቤት አልሞሉም። ከሁለት አንዳችሁ አጥንቱን ካልካደ አላጋባም» አሉ።

ማን ይካድ! ተሻገር ይበልጣልን ያያል፣ ይበልጣል ተሻገርን። ፀደይ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች፤ የቻላቸው እናት ለልጇ ሌላ ሙሽራ ማየት ጀምራለች አሉ። ወንድሜን «አንተ ጉደኛ! ለደረቅ አጥንት ብለህ ልጅህ ቆማ ትቅር?» አልኩት።

«የዘር ነገር ነው፣ አንቺ አይገባሽም» አለኝ። እሰይ!

ሐሙስ ዕለት ራሄል መጣች። «ዕድሜው በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ይመስላል፤ እሱን ላቦራቶሪ ይለየዋል። የዳሌው አጥንት ግን የሴት ነው» አለች።

ዕድሜውንስ ማንም አልሰማው። ተሻገር ብድግ ብሎ «ሴት? እንግዲያውስ የይበልጣል ዘመድ ናት!» አለ።

«ያንተው ናት እንጂ! እኔን ምን አገናኘኝ!» አለ ይበልጣል።

አባ መሐሪ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው «በሉ፣ ሁለታችሁም ካዳችሁ። ሠርጉ ይሁን» አሉ። እኔም እልል አልኩ፤ ጠላዬ ሊሆመጥጥብኝ ነበራ።

እሑድ ፀደይ ተሸልማ የአባቷን ጉልበት ልትስም ቀረበች። ተሻገር ደረቱን ነፍቶ «ዘርሽ ይባረክ፣ ስሜን አስጠሪ» ብሎ መረቃት።

እሷ ግን ሳትስም ቀና አለች። «አባዬ፣ እኔም ስሞት ሴት ናት ብለው ይክዱኛል?»

ምርቃት የማያልቅበት ወንድሜ የነፋውን ደረቱን አውርዶ ዓይኑን ወደ መቃብሩ ማሳ ሰደደ። እኔም እልልታዬን ዋጥኩት።