የነጭ ድብ ጉዞዬና የሰፈሩ አደራ

እናቴ ዛሬ የበረዶ ጫማዬን ከሻንጣዬ አውጥታ በቦታው በርበሬ ከተተችበት!

የባዮሎጂ መምህር መሆኔን ታውቃላችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ነጭ ድብ ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር ወደ ሰሜን ዋልታ ልሄድ ነው። የተፈቀደልኝ ሃያ ኪሎ ብቻ ስለሆነ ካልሲ ሳይቀር እየመዘንኩ ነው የሰነበትኩት።

ከተማችን መካነ ሰላም ግን የሰማችው "ውጭ ሊሄድ ነው" የሚለውን ብቻ ነው። እዚህ ደግሞ ውጭ ማለት ዓረብ አገር ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ ቅቤው ይጎርፋል። "ለልጄ አድርስልኝ!" እናቴ እንደሆነች አደራ መመለስ አትችልም።

ድብ ሽሮ አይበላም ብል ማን ይስማኝ?

በመጨረሻ ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ በሶ ይዘው መጡ። ትዕግስቴ አለቀና ጮህኩባቸው። "እትዬ፣ እዚያ እኮ በረዶ እንጂ ሰው የለም!"

"ልጄንም ዓረብ አገር ሰው አለ ብለው ነው ደላሎች የወሰዱብኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ወላሂ፣ ድምጿን ከሰማሁ ዓመት አልፎኛል። አንተ ብቻ ያዘው።"

ኪሎው እንዳይበዛ የበረዶ ጫማውን ከዚሁ ከመናኸሪያው ጀምሮ በእግሬ አድርጌው እሳፈራለሁ። በሶው ሻንጣው ውስጥ ነው።

እናንተስ፣ ተቀባዩ የት እንዳለ ሳታውቁ የተሸከማችሁት አደራ አለ?