ሠላሳ አንድ ጊዜ ያስነሣሁት ኮምፒውተር

ጡረታ ወጥቼ ከባለቤቴ ጋር ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ፣ ልጃችን ቤት በገባን በሁለተኛው ዓመት ባለቤቴ የእናቷን ታሪክ ትነግረኝ ጀመር። ከምሳ በኋላ እሷ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ትናገራለች፤ እኔ በልጃችን አሮጌ ኮምፒውተር እጽፋለሁ። የልጅ ልጆቻችን ከእንግሊዝኛና ከስዋሂሊ በተረፈች አማርኛቸው አንድ ቀን ያነቡታል ብለን ነበር። በስምንት ወር ስልሳ ሁለት ገጽ ደረሰ።

ልጃችን መሳቢያ ውስጥ ፍላሽ አስቀምጣልኝ፣ «አባዬ፣ እዚህ ላይ ኮፒ አድርገው» እያለች ትወተውተኝ ነበር። እኔ ግን ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ኃላፊነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ሥራው ሳያልቅ ግልባጭ ከበዛ፣ የትኛው የታረመ፣ የትኛው ያልታረመ እንደሆነ አይለይም። ሲያልቅ ግልባጭ ይወጣለታል አልኳት። ከእጄ አንድም ማኅደር ጠፍቶ እንደማያውቅም ጨመርኩላት።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ መደርደሪያ አይደለም። ይሞታል» አለችኝ።

እሷ ለሥራ ወደ ውጭ አገር በሄደችበት ሳምንት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ አልነሣ አለ። ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ ነጭ መስመር ብቻ ይታያል፤ ከኮምፒውተሩ ሣጥን ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ለልጄ ስልክ መደወል እችል ነበር። ያንን ሁሉ ከነገርኳት በኋላ ግን አፍሬ ተውኩት።

በምትኩ የማውቀውን አደረግሁ። ደብተር አሰመርኩ፦ ተራ ቁጥር፣ ሰዓት፣ የተወሰደ እርምጃ፣ ውጤት። ገመዱን ነቅዬ መለስኩ፤ አስነሣሁት፤ መዘገብኩ። አቧራውን ጠረግሁ፤ አስነሣሁት፤ መዘገብኩ። ሶኬት ቀየርኩ።

ባለቤቴ ከሶፋው ሆና ታየኛለች። «አንተ ሰውዬ፣ ለኮምፒውተርም የግል ማኅደር ከፈትክለት? ምን አጥፍቶ ነው?»

«የጥፋቱን ዓይነት እያጣራሁ ነው።»

«አጣርተህ ስትጨርስ እሱንም ጡረታ አውጣው።»

በአምስተኛው ቀን፣ በአሥራ ዘጠነኛው ሙከራ፣ ተነሣ። ጽሑፉን ከፈትኩ፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሙሉ ነበር። ሰዓቱን አይቼ «ተስተካክሏል» ብዬ መዘገብኩ። ከዚያም፣ ጥገናው አስተማማኝ መሆኑን ለማረጋገጥ፣ በሥርዓቱ ዘጋሁት። ፍላሹ ከክርኔ አጠገብ፣ መሳቢያው ውስጥ ነበር።

ዳግመኛ አልተነሣም። አሥራ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ።

ሣጥኑን ፓርክላንድስ ሰፈር፣ አንዲት ኮምፒውተር ጠጋኝ ሴት ዘንድ በታክሲ ወሰድኩት፤ ደብተሩንም ሰጠኋት። ዓምዶቹን በእንግሊዝኛ ነበር የሞላሁት። እያንዳንዱን መስመር አነበበች።

«ምዜ፣ እንዲህ መዝግቦ የመጣ ደንበኛ አይቼ አላውቅም» አለችኝ፤ በአገሩ ሽማግሌ የሚከበርበት አጠራር ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ከዚያ ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ። «እዚህ ላይ ተነሥቶ ነበር?»

«አዎን። ሃያ ደቂቃ ያህል።»

«ታዲያ ጽሑፉን የት ገለበጡት?»

«ዘጋሁት።»

ደብተሩን ዘጋች። ያ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሲሰማ ጽሑፉ የተቀመጠበት ዲስክ መጎዳቱን፣ ባስነሣሁት ቁጥርም ይበልጥ እየተፋቀ መሄዱን በቀስታ አስረዳችኝ። ሣጥኑን ሦስት ቀን አቆይታ መለሰችልኝ። ከዲስኩ የወጣ ነገር አልነበረም። «ፖሌ፣ ምዜ» አለች፤ አይዞህ እንደ ማለት ነው።

ለባለቤቴ ስነግራት አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እንደገና እነግርሃለሁ፤ እኔ አልተበላሸሁም» አለችና በማግስቱ ሶፋው ላይ ጋደም አለች። እኔም ብዕር ይዤ ተቀመጥኩ።

ነገረችኝ፤ ግን ታሪኩ አጠረ። በመጀመሪያው ጊዜ፣ እናቷ የሁለት ቀን መንገድ በእግር ወስዳ አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገባቻት ዕለት በር ላይ የተናገረችውን ግጥም፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አራቱንም ስንኝ በቃሏ ብላልኝ ነበር። አሁን «አስገብታኝ ተመለሰች» ብላ አለፈችው።

«ግጥሙስ?» አልኳት።

እንደ በፊቱ ዓይኗን ጨፈነች። መልሳ ገለጠችው።

«ጠፋኝ። አንተ ጽፈኸው አልነበር እንዴ?»

«ጽፌው ነበር» አልኳት።