ሳይሄድ የቆየው ጭልፊት

ጀይሉ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወፍ ሲያባርር የኖረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ወፍ ናፈቀው ቢባል ማን ያምናል? ግን ናፍቆታል። ይኸው ኅዳር ተጋምሶ፣ ማማው ላይ ወንጭፉን ይዞ፣ ግሪሳው ማሽላውን ሲያራግፍ እሱ ሰሜን ሰሜኑን ሲያይ ይውላል።

የሚጠብቀው አመድማ ጭልፊት ነው። እግሩ ላይ የሩቅ አገር ሰዎች ያሰሩለት ቢጫ ቀለበት አለው። አራት ዓመት ሙሉ በጨፋ ረግረግ ዳር ያለው ማሽላ እሸት ሲይዝ ከተፍ ይላል፤ ፌንጣና አይጥ እየለቀመ፣ ግሪሳውን እያሸበረ ይከርምና በመጋቢት አጋማሽ ወደ መፈልፈያ አገሩ ይመለሳል። የጀይሉ ሚስት ረቢአ ምሳ ይዛ ስትመጣ፣ "ጣውንቴ እንዴት ዋለች?" እያለች ትስቅበታለች።

"ወንድ ነው አልኩሽ እኮ!" ይላታል፣ የተቆጣ መስሎ።

አምና በጋው ክፉ ነበር። የበልግ ዝናብ ጠብ ሳይል ቀረ፤ ሳሩ አረረ፣ ፌንጣውም ጠፋ። ሚያዝያ ሲገባ ጭልፊቱ እዚያው ነበር። ጀይሉ ደስታውን አልቻለውም። መጋቢት በመጣ ቁጥር፣ "ያ አላህ፣ ዘንድሮስ አታርቅብኝ" ሲል የኖረ ሰው ነውና ዱዓዬ ደረሰ አለ። ለጎረቤቱ ሁሉ፣ "ወላሂ ለመደኝ፤ የኛ ሆነ" ብሎ አወራ።

በዚያው ሰሞን ብፅዓት መጣች፤ በየዓመቱ የረግረጉን ወፎች የምትቆጥር ባለሙያ ናት። ጭልፊቱን በመነጽሯ ብዙ ካየችው በኋላ ፊቷ ጠቆረ።

"ጋሽ ጀይሉ፣ ለምዶዎት አይደለም። የሚበላ አጥቶ ነው። ለመንገዱ የሚሆን ስብ ሳይዝ ቢነሳ በረሃው ላይ ይቀራል። ቢደርስ እንኳ ሌሎቹ ቀድመውት ጎጆ ይዘዋል፤ ዘንድሮ ጫጩት ማሳደጉን እንጃ።"

"እኔ እኮ ይቆይልኝ ብዬ ዱዓ ሳደርግ ነበር፣ ልጄ" አለ ጀይሉ።

በሦስተኛው ቀን ጭልፊቱ እንደከሳ ሄደ።

ዘንድሮ ዝናቡ ደግ ነው፤ ሳሩ ለምልሟል፣ ፌንጣውም ተርፏል። ሌሎች ጭልፊቶች ገብተዋል፤ ቢጫ ቀለበት ያሰረው ግን የለም። ትናንት ረቢአ ምሳውን ይዛ ስትደርስ፣ ጀይሉ ዙህር ሰግዶ ከማማው ሥር እጁን እንደዘረጋ ነበር። ቆየ፣ ቆየ። ሲጨርስ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ይምጣልኝ ብለህ ነው?"

"እሱንማ ብያለሁ" አላት። "ከመጣ ደግሞ በመጋቢት፣ አንድ ቀን ሳያሳልፍ፣ ጠግቦ ይሂድልኝ ብያለሁ።"