ሰው ፍለጋ ወደ በሽተኞች ግቢ

ባለፈው ሳምንት ናጋድ ባቡር ጣቢያ እንግዳ ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ «በኮሮና ጊዜ ማስክ እንቢ ያለ ሁሉ መሃይም ነበር» ብሎ ፈረደ። ደሜ ፈላ። አንዱ እኔ ነበርኩና።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በሰው አገር፣ ዶራሌ ወደብ የጭነት ሰነድ አስጨርስ ነበር፤ ቢሮው ሲዘጋ ሃያብለ ሰፈር በተከራየኋት የቆርቆሮ ክፍል ብቻዬን ቀረሁ። ግድግዳው ገና በጠዋቱ ይግላል። ሰርዲን በዳቦ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እነሳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እጄ እስኪሰነጠቅ ታጠብኩ፤ ከዚያ ተውኩት። የጥንቃቄውን ደንብ በፈረንሳይኛም በሶማሊኛም በቃሌ አውቀው ነበር። ግን ለማን ብዬ? ብታመም የሚሰማ፣ ብድን ደስ የሚለው ሰው አልነበረኝም።

አንድ ቀን ከወደቡ ጭነት የሚያመላልሱ ሾፌሮች ታመው ተለይተው ወደተቀመጡበት ግቢ ሄድኩ። «ሳል አለብኝ» ብዬ ዋሽቼ ልገባ ነው። ማስክ አላደረግኩም። ከሽቦው አጥር ወዲያ ጀሪካን ላይ የተቀመጡ ጠና ያሉ ሾፌር ጠሩኝ፤ ጋሽ ወርቅነህ ይባላሉ።

«ምንህን ነው ያመመህ?»

«ምንም፣ ጋሼ። ሰው ፈልጌ ነው።»

«ሰው ፈልገህ በሽታ ትሸምታለህ?»

«ብቻዬን ጤነኛ ከምሆን ከሰው ጋር ብታመም ይሻለኛል።»

«እንግዲያስ ነገ አፍና አፍንጫህን ሸፍነህ ና፤ አንተ እዚያ እኔ እዚህ ሆነን እናወራለን። ሳትሸፍን ብትመጣ ጀርባዬን ነው የምታየው።»

እልኸኛ ነኝና በማግስቱ ፊቴን ገልጬ ሄድኩ። እውነትም ዞረው ተቀመጡ። ፀሐይ ላይ ቆሜ ግማሽ ሰዓት ለጀርባቸው አወራሁ። ሳቄም እንባዬም መጣ። በሦስተኛው ቀን ሸፍኜ ሄድኩ። ዞር አሉና «ምሳ በላህ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እስኪያገግሙ ድረስ በየቀኑ ስለ ጋላፊ መንገድ አቧራ፣ ስለ አዋሽ ሀብሀብ፣ ስለ ልጃቸው ሰርግ አወራን።

እሳቸው ድነው ወደ መኪናቸው በተመለሱ በሳምንታት ውስጥ በሽታው እኔን ያዘኝ። ያቺን የቆርቆሮ በር በገዛ እጄ ዘጋኋት፤ ማንም አላዘዘኝም። ጋሽ ወርቅነህ ጠዋትና ማታ ከመንገድ እየደወሉ «ቤትህ ነህ?» ይሉኛል። «ነኝ» ለማለት ስል ሁለት ሳምንት ሙሉ ከበር አልወጣሁም።

ዛሬም ትእዛዝ አልወድም፤ በእንቢተኛነቴም አላፍርም። ሰው የሚጠነቀቀው ለሚጠይቀው ሰው ነው። ጠያቂ ያጣውን «ለምን አልተጠነቀቅክም?» የሚል ካለ፣ መጀመሪያ እሱ ራሱ ደውሎለት እንደነበር ይንገረኝ።