የቀበሌው ድምፅ ማጉያ

ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሳለሁ ባትሪ ለምን እንደሚሞት ስድስት ዓመት አጠናሁ። አንድም ግን አላዳንኩም። በመጨረሻ መረረኝና ሥራዬን ለቅቄ፣ ከአንድ መካኒክ ጋር ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ የመኪና ባትሪ ማደሻ ለመክፈት ተስማማን። ዓይናችን የአትክልት ተራ ጭነት መኪኖች ላይ ነበር። ሽርካዬ፣ ዶክተር ሳልሆን "ዶክተር" ይለኛል። ማስታወሻ ስይዝ ካየኝማ "ዶክተር፣ አድነው እንጂ ኑዛዜውን አትጻፍለት!" እያለ ያበሽቀኛል።

የንግድ ፈቃድ ለማውጣት የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤው ከቀረ ያለ ሥራ መቅረቴ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው እንደሆነ ቦታዬን ለሌላ ሰጥቷል። የቀበሌውን ሊቀመንበር ስጠይቀው "እናየዋለን ጓድ" ይለኛል። ሁለት ወር ሙሉ አየው።

አንድ ቀን ግን መጋዘን አስገብቶ የስብሰባውን ድምፅ ማጉያ ባትሪ አሳየኝ። ከሞተ አራት ወሩ ነው።

"ይሄ ከሠራ ደብዳቤህ ዛሬውኑ ይፈረማል" አለኝ።

ከፍቼ ሳየው ውስጡ ነጭ ዝቃጭ ለብሷል። ሽርካዬ "በቃ፣ ይሄ አፈር ይቅለለው" አለ። እኔን ግን እልህ ያዘኝ። ቀስ በቀስ፣ በትንሽ በትንሹ እየሞላሁ ሳምንት ሙሉ አስታመምኩት። አምፖል ባገናኝበት ቦግ! በደስታ ሽርካዬን እቅፍ አደረግኩት፤ ቱታው ላይ የነበረው አሲድ ሸሚዜን በላው።

እሑድ ጠዋት ስብሰባ ተጠራ። አራት ወር ሙሉ ያን ባትሪ ለማሠራት ለምን ማንም እንዳልቸኮለ የገባኝ ያኔ ነው፤ እኔ ጅሉ! ማጉያው ከሞተ ወዲህ የሊቀመንበሩ ጉሮሮ ስለማይችል ስብሰባው በግማሽ ሰዓት ያልቅ ነበር። የዚያን ቀን አራት ሰዓት ሙሉ ተናገረ። መሃል ላይ እኔን አስነስቶ "ለዚህ ያበቃን ጓድ!" ብሎ አስጨበጨበልኝ። ሰዉ አጨበጨበ፤ ዓይኑ ግን ሊበላኝ ደርሷል። ሽርካዬ ሳቁን በኮፍያው አፍኖ ይንፈራፈራል።

ስብሰባው ሲያበቃ ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ተቀብዬ፣ በደስታ ልቤ ጠፍቶ ወጣሁ። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ።

"ልጄ፣ ያ ባትሪ ስንት ጊዜ ይቆያል?"

ስለ ሙያዬ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸውና ደረቴን ነፋሁ።

"ሁለት ዓመት ዋስትና ሰጥቻለሁ፣ እማማ!"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"እኔስ አርጅቻለሁ፣ በቅርቡ እገላገላለሁ። አንተ ግን ገና ልጅ ነህ፤ ስማው እንግዲህ!"