ሰማንያው ሳይሞላ የወጣች ልጅ

ካርቱም፣ ዴም ሰፈር በተከራየናት አንዲት ክፍል ልጄን ስወልድ እናቴ አጠገቤ አልነበረችም። ያረሰችኝ ጎረቤታችን ናት፤ እትዬ ነበር የምላት። ሃያ ዓመት ካርቱም ስትኖር ከአገሯ ሥርዓት አንዱንም አልጣለችም። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እስክትነሣ ከቤት አትወጣም፣ ብርድ ይመታታል። ጨርቋም ውጭ አይሰጣም፣ ወፍ ያልፍበታል። እኔም እሺ አልኩ። መስኮቱን በሚስማር አስመታሁ፣ ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ወተፍኩ፣ ከአልጋው በላይ ገመድ ዘርግቼ እርጥቡን ጨርቅ እዚያው አሰጣ ነበር። ኸሪፍ የሚሉት የሱዳን ክረምት ገብቶ ጣሪያው ያፈሳል።

በሁለተኛው ወር ልጄ ማሳል ጀመረች። እትዬ "ብርድ ገብቶባት ነው፣ በሩንም ዝጊው" አለችኝ። ዘጋሁት። ልጄ ጡቴን ሁለቴ ትስብና ትንፋሽ ያጥራታል፣ ትተወዋለች። አንድ ቀን የወደቀ ካልሲዋን ላነሣ አልጋውን ሳብ ባደርገው፣ ወይኔ ልጄን! ግድግዳው ከወለሉ እስከ ወገቤ ጥቁር ሻጋታ ለብሷል። ራሷ የሚያርፈው እዚያው ሥር ነው።

የቤቱን ባለቤት አስጠራሁት። በር ላይ ቆሞ አየና "ማዓሌሽ፣ ምንም አይደል፣ ቀለም ቀቢው" ብሎ ሳቀ። ሳቀ! ጫማዬን አውልቄ ወረወርኩበት፣ ጆሮ ግንዱን አገኘሁት። እየተራገመ ሄደ።

ንዴቴ ግን አልወጣልኝም። በሩን ጠርቅሜ ግድግዳውን በደረቅ መጥረጊያ እገርፈው ጀመር። እየተሳደብኩ፣ እያለቀስኩ ገረፍኩት። በረኪናውንም ውኃ ሳልጨምር ቸለስኩበት። ሁሉም ዝግ፣ ልጄ አልጋው ላይ! ጥቁሩ ብናኝ ክፍሉን ሞላው። ዞር ስል አፏን ከፍታለች፣ ድምፅ የላትም። ከንፈሯ ጠቁሯል።

አፈፍ አድርጌያት በሩን ከፈትኩ። ጩኸቴን ሰምተው የመጡት ባሌና እትዬ ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

"ሰማንያዋ ሳይሞላ? በዚህ ፀሐይ? ምች ልታስመቻት ነው!" ብላ እትዬ ባሌን አስከትላ ገብታ በሩን ዘጋችብኝ። ባሌ ትከሻዬን ያዘኝ፤ "አብደሻል እንዴ?"

አዎ፣ አብጃለሁ! በሩ ሥር የቆመውን ዘነዘና በአንድ እጄ አንሥቼ ክንዱን አልኩት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። እትዬን ከበሩ ገፍትሬ ጣልኳት፤ እናቴም ብትሆን እጥላት ነበር።

ግቢው መሐል ልጄን ክንዴ ላይ ደፍቼ ጀርባዋን መታሁ። "አልቅሺ! በእመቤቴ፣ አልቅሺልኝ!" መታሁ። ደግሜ መታሁ። አሳላት፣ ጥቁር አክታ ተፋች፣ ከዚያ አለቀሰች። እኔም አብሬያት ጮህኩ።

በሪክሻ ክሊኒክ በረርን። ሐኪሟ ደረቷን አዳምጣ ወደዚያ ክፍል እንዳልመልሳት አስጠነቀቀችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ሱዳኖቹ ግቢ ውስጥ፣ ሜዳ ላይ ተኛን። እትዬ ወር ሙሉ አኮረፈችኝ።

ባሌን ክንዱ ከጄሶ ሳይወጣ ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ይቅር አለኝ። ልጄንስ ምን ብዬ? ሃምሳ ስድስት ቀን አየር የነሣኋት እኔው ነኝ። ዛሬ ትልቅ ልጅ ሆናለች። ትንፋሽ ሲያጥራት፣ እናቴ ታድነኛለች ብላ፣ ወደ እኔ ነው የምትሮጠው።